የአምስት ዶላር በር፦ የድር አሳሽ ዋጋ በቤት የቪዲዮ ጨዋታ ማጫወቻዎች ላይ

ኒንቴንዶ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ2007 «ዊ» በሚል ስም ለሚሸጠው የቪዲዮ ጨዋታ ማጫወቻ ባለቤቶች ያቀረበው የድር አሳሽ ዋጋው 500 የዊ ነጥብ፣ ማለትም 5 የአሜሪካ ዶላር ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ «አሳሽ» ሲባልም በተለምዶ ብራውዘር የምንለውን፣ ድረ ገጾችን ከፍቶ የሚያሳየውን ሶፍትዌር ማለት ነው።) አንድ አዲስ የዊ ጨዋታ 50 ዶላር በሚሸጥበት ገበያ አምስት ዶላር ብዙ ገንዘብ አይደለም። በዚህም ምክንያት በጊዜው የነበረው ክርክር «ውድ ነው ወይስ ርካሽ?» በሚለው ላይ ተወስኖ ቀረ። አንዱ ወገን በኮምፒውተር ላይ በነጻ የሚገኝ ነገር እንዴት ይሸጣል ሲል፣ ሌላው ወገን አንድ ጊዜ ለሚከፈል አምስት ዶላር ይህን ያህል መነታረክ አይገባም ይል ነበር።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አስተያየት ሁለቱም ወገኖች የተሳሳተ ጥያቄ ይዘው ነበር የሚል ነው። አሳሽ እንደ ጨዋታ ተሠርቶ ያለቀ ዕቃ አይደለም። የሚያሳየው ድር በየጊዜው ስለሚለወጥ፣ አሳሹ ካልታደሰ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከጥቅም ውጭ ይሆናል። ስለዚህ መጠየቅ የነበረበት ገዢው ለከፈለው ገንዘብ ምን ዓይነት ግዴታ ተገባለት የሚለው ነው። በዚህ መለኪያ ሲታይ የማጫወቻ አምራቾች ባለፉት ሠላሳ ዓመታት ገደማ የሞከሯቸው የዋጋ ዘዴዎች፣ «ነጻ» የተባሉትን ጨምሮ፣ ጉድለታቸው በግልጽ ይታያል።

ማጫወቻን ከኢንተርኔት ጋር የማገናኘት ሐሳብ ከ«ዊ» በፊት የነበረ ነው። ሴጋ በ1996 በሰሜን አሜሪካ ለ«ሳተርን» ማጫወቻው «ኔትሊንክ» የተባለ ሞደም በ199 ዶላር ለገበያ አቅርቧል። ሞደሙ በሰከንድ 28.8 ኪሎቢት የሚያስተላልፍ ሲሆን፣ ፕላኔትዌብ የተባለ ኩባንያ የሠራው አሳሽ በዲስክ አብሮት ይቀርብ ነበር። በዚያው ዓመት ባንዳይ ከአፕል ጋር በመተባበር ያወጣው «ፒፒን» በአሜሪካ 599 ዶላር ተጠይቆበት ገዢ አጥቶ ቀረ። ሴጋ ከዚህ የተማረ ይመስላል፤ በመስከረም 1999 በሰሜን አሜሪካ የወጣው «ድሪምካስት» 199 ዶላር ሲሸጥ፣ 56 ኪሎቢት የሚያስተላልፈው ሞደም በማጫወቻው ውስጥ ተሠርቶ፣ የአሳሹም ዲስክ በካርቶኑ ውስጥ ተካትቶ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት ለሞደም ብቻ ይጠየቅ በነበረው ገንዘብ አሁን ማጫወቻው፣ ሞደሙና አሳሹ በአንድነት ተገኙ። ገዢው የሚያየው ዋጋ አንድ ብቻ ነው፤ የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት ክፍያው እንዳለ ሆኖ፣ ድሩን ለማየት ለአምራቹ ዳግመኛ የሚከፍለው ነገር አልነበረም። በእኔ አመለካከት ከዚያ በኋላ ከመጡት ብዙዎቹ ይልቅ ይህ አሠራር የተሻለ ነበር። ችግሩ ድሪምካስት ራሱ ዕድሜው አጭር መሆኑ ነው፤ ሴጋ በ2001 መጀመሪያ ማጫወቻ ማምረት እንደሚያቆም አስታወቀ።

«ዊ» በኅዳር 2006 በአሜሪካ በ249.99 ዶላር ለገበያ ሲቀርብ አሳሽ አልነበረውም። በታኅሣሥ ወር መጨረሻ፣ መቀመጫው ኦስሎ የሆነው የኖርዌይ ኩባንያ ኦፔራ ሶፍትዌር የሠራው የሙከራ ቅጂ በነጻ ተለቀቀ፤ የተሟላው ቅጂም በሚያዝያ 2007 ተከተለ። እስከ ሰኔ 30 ቀን 2007 ድረስ ያወረደ ሁሉ በነጻ እንዲወስድ፣ ከዚያ በኋላ የመጣ ግን 500 ነጥብ እንዲከፍል ተወሰነ።

ይህ የጊዜ ገደብ ሲታይ ለፈጠኑ ደንበኞች የተሰጠ ስጦታ ይመስላል። ነገር ግን በ2007 «ዊ»ን ገበያ ላይ ማግኘት እጅግ አስቸጋሪ እንደነበር መዘንጋት የለበትም፤ በብዙ መደብሮች ማጫወቻው በመጣ ዕለት ያልቅ ነበር። ስለዚህ ዘግይተው የከፈሉት ሰዎች ብዙዎቹ ቸልተኞች ሳይሆኑ ዕቃውን በጊዜው ማግኘት ያልቻሉ ናቸው። አምራቹ በበቂ መጠን ማቅረብ ላልቻለው ዕቃ የነጻ ስጦታ ቀነ ገደብ መቁረጡ፣ ሆን ተብሎ ባይደረግም እንኳ፣ የእጥረቱን ዋጋ ወደ ገዢው ማዞር ነው።

የክፍያው መንገድም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። በማጫወቻው ላይ የሚገኘው ሱቅ ገንዘብ በቀጥታ አይቀበልም፤ ገዢው አስቀድሞ ነጥብ መግዛት ነበረበት። በክሬዲት ካርድ የሚሸጠው ትንሹ የነጥብ መጠን 1,000 ሲሆን ዋጋው 10 ዶላር ነው፤ በመደብር የሚሸጠው ካርድ ደግሞ 2,000 ነጥብ በ20 ዶላር ነበር። እንግዲህ አምስት ዶላር የተባለውን አሳሽ ለመግዛት የሚፈልግ ሰው ከኪሱ የሚያወጣው ቢያንስ አሥር ዶላር ነው፤ ክሬዲት ካርድ የሌለው ወይም ገና ያልደረሰ ልጅ ከሆነ ደግሞ ሃያ። የተረፈው ነጥብ አይመለስም፤ በዚያው ሱቅ ሌላ ነገር እስኪገዛበት ድረስ ይቀመጣል። በዋጋ መለጠፊያው ላይ የተጻፈው ቁጥርና ደንበኛው በእውነት የሚያወጣው ገንዘብ የተለያዩ መሆናቸው ስለ አሳሹ በተደረጉት ክርክሮች ውስጥ በቂ ትኩረት ያገኘ አይመስለኝም።

የዚህ አሠራር ግራ መጋባት ከሁሉ ይልቅ የታየው በብሪታንያ ነው። በሚያዝያ 2008 ቢቢሲ «አይፕሌየር» የተባለውን የቴሌቪዥን አገልግሎቱን በ«ዊ» ላይ አቀረበ፤ ይሁን እንጂ አገልግሎቱ የሚከፈተው በአሳሹ በኩል ብቻ ነበር። ብሪታንያውያን ለቢቢሲ በየዓመቱ የቴሌቪዥን ፈቃድ ክፍያ ይከፍላሉ፤ ለኢንተርኔት አቅራቢያቸው ይከፍላሉ፤ ማጫወቻውንም ገዝተዋል። አሁን ደግሞ የራሳቸውን የሕዝብ ጣቢያ በራሳቸው ቴሌቪዥን ለማየት 500 ነጥብ ተጨመረባቸው። በር ላይ ቆሞ የሚያስከፍል ሰው ከበሩ ማዶ ያለውን ነገር የሠራው እሱ አለመሆኑ እዚህ ላይ ፍንትው ብሎ ይታያል። በ2009 መጨረሻ ቢቢሲ ከአሳሹ የተለየ፣ ያለ ክፍያ የሚወርድ የራሱን ቻናል በ«ዊ» ላይ አወጣ።

ከዚያ በፊት ግን ኒንቴንዶ ራሱ ሐሳቡን ቀይሮ ነበር። በ2009 በነሐሴና በመስከረም መጋጠሚያ ላይ አሳሹ ለሁሉም ነጻ ሆነ፤ ቀድሞ ለከፈሉትም 500 ነጥብ የሚያወጣ አንድ የድሮ ጨዋታ በማካካሻነት እንዲመርጡ ተፈቀደላቸው። ለዚህ ኩባንያው ሊመሰገን ይገባል፤ ዋጋ ሲቀንስ ቀድሞ የከፈለውን የሚያስታውስ ነጋዴ ብዙ አይደለም። ሆኖም ማካካሻው በገንዘብ ሳይሆን በዕቃ መሆኑ፣ ዕቃውም ከዚያው ሱቅ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። ከዚህም በላይ ነጻ የሆነው አሳሽ ከ2009 በኋላ ይህ ነው የሚባል እድሳት አላገኘም። ድሩ ወደ አዳዲስ የምስጢር ማስተላለፊያ ዘዴዎች ሲሸጋገር፣ ተንቀሳቃሽ ምስሎችም ከፍላሽ ቴክኖሎጂ ሲላቀቁ፣ የ«ዊ» አሳሽ ባለበት ቆሞ ቀረ። የሱቁም በር በጥር 2019 ተዘጋ።

በዚሁ ዘመን ኒንቴንዶ በእጅ ለሚያዘው «ዲኤስ» ማጫወቻው የሸጠው አሳሽ በአሜሪካ 30 ዶላር ገደማ ነበር። ይህም የኦፔራ ሥራ ነው። ዋጋው ከ«ዊ»ው ስድስት እጥፍ ቢሆንም፣ በእኔ ግምት ከዚያ ይልቅ ምክንያታዊ ነው። የዲኤስ ዋና የማስታወሻ አቅም 4 ሜጋባይት ብቻ ስለነበር ድረ ገጽ ለመክፈት ተጨማሪ የማስታወሻ ካርድ በጥቅሉ ውስጥ ማካተት ግድ ሆነ። ገዢው በእጁ የሚዳሰስ ዕቃ አግኝቷል። የጓደኛው ማጫወቻ ላይ ሊሰካው፣ ሲሰለቸው ሊሸጠው ይችላል። ዝግ ያለና ትንንሽ ገጾችን እንኳ በችግር የሚከፍት አሳሽ እንደነበር ባይካድም፣ ለምን እንደተከፈለበት ግን ማንም ሊያስረዳ ይችላል። ቀጥሎ የመጣው «ዲኤሳይ» የተሻለ የማስታወሻ አቅም ስለነበረው አሳሹን በነጻ ለመስጠት አልተቸገረም።

ለአምራቾቹ ሚዛናዊ መሆን ያስፈልጋል። ኦፔራ የኮምፒውተር አሳሹን ከማስታወቂያ ነጻ አድርጎ ያለ ክፍያ መስጠት የጀመረው በመስከረም 2005 ነው፤ ከዚያ በፊት ማስታወቂያ የሌለበትን ቅጂ የሚፈልግ ሰው ይከፍል ነበር። ኩባንያው በኮምፒውተር ላይ ያጣውን ገቢ የሚያካክሰው በከፊል ለስልክና ለማጫወቻ አምራቾች ሶፍትዌሩን በፈቃድ በመሸጥ ነበር። አሳሽ ማዘጋጀት ወጪ አለው፤ ያንን ወጪ ከሚጠቀምበት ሰው መሰብሰብ በራሱ ኃጢአት አይደለም። እንዲያውም ግልጽ የሆነ ትንሽ ዋጋ ከተደበቀ ትልቅ ዋጋ ይሻላል። ቅሬታዬ ዋጋ መኖሩ ላይ ሳይሆን ዋጋው ከእድሳት ግዴታ ጋር አለመያያዙ ላይ ነው። የ«ዊ» ገዢ አምስት ዶላሩን ሲከፍል አሳሹ እስከ መቼ እንደሚታደስለት የሚገልጽ አንድም መስመር አልቀረበለትም።

የተደበቀ ትልቅ ዋጋ ሲባል የማይክሮሶፍትን ታሪክ ማንሳት ተገቢ ነው። የሶኒ «ፕሌይስቴሽን 3» በኅዳር 2006 ሲወጣ በ499 እና በ599 ዶላር ይሸጥ ነበር፤ ውድ ቢሆንም አሳሹ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በውስጡ ነበረ። ማይክሮሶፍት ግን ለ«ኤክስቦክስ 360» ኢንተርኔት ኤክስፕሎረርን ያቀረበው በጥቅምት 2012፣ ማጫወቻው በወጣ በሰባተኛው ዓመት ነው። አሳሹ በስም ነጻ ነው፤ ለመክፈት ግን በዓመት 60 ዶላር የሚጠይቀው የ«ጎልድ» ደንበኝነት ያስፈልግ ነበር። በኮምፒውተር ላይ ከዊንዶውስ ጋር ያለ ተጨማሪ ዋጋ የሚታደለው ያው ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር፣ ከቴሌቪዥኑ ሥር ሲሆን የዓመት ግብር ተጣለበት ማለት ነው። ሌላውን ሁሉ ትቶ አሳሹን ብቻ የሚፈልግ ሰው፣ ግዴታው እስከተነሣበት እስከ ሰኔ 2014 ድረስ ሁለት ዓመታዊ ክፍያ፣ ማለትም 120 ዶላር ያወጣል። ከኒንቴንዶው አምስት ዶላር ጋር ሲነጻጸር ሃያ አራት እጥፍ ነው፤ ነገር ግን በጥቅል ውስጥ የተቀበረ በመሆኑ ያስነሣው ተቃውሞ ያን ያህል አልነበረም። እርግጥ ነው፣ አብዛኛው የጎልድ ደንበኛ የሚከፍለው ከሌሎች ጋር በኢንተርኔት ለመጫወት ነው፤ ለእሱ አሳሹ ምርቃት ነበር። ጉዳቱ የሚደርሰው ለጨዋታው ደንታ በሌለውና ገጽ ለማንበብ ብቻ በሚፈልገው የቤተሰብ አባል ላይ ነው።

ይህ የቤተሰብ አባል በክርክሩ ውስጥ ሁልጊዜ ይረሳል። ማጫወቻ የሚገዛው ለልጆች ቢሆንም የሚቀመጠው በሳሎን ነው፤ ቴሌቪዥኑም የሁሉም ነው። በ2007 ለአንድ ቤተሰብ ከ250 ዶላር በላይ አውጥቶ ሌላ ኮምፒውተር መግዛት ቀላል አልነበረም። በእንዲህ ያለ ቤት ማጫወቻው ሥራ ማመልከቻ የሚፈለግበት፣ የትምህርት ውጤት የሚታይበት ብቸኛ መስኮት ሊሆን ይችላል። ለዚህ ቤተሰብ አሳሹ መዝናኛ አይደለም።

አሁን ያለንበት ሁኔታ ከዋጋ ክርክሩ የከፋ ነው። በ2017 የወጣው የኒንቴንዶ «ስዊች» ተጠቃሚው የሚከፍተው አሳሽ የለውም። የሶኒ «ፕሌይስቴሽን 5»ም በ2020 ሲወጣ በቀድሞዎቹ ሁለት ትውልዶች ላይ የነበረው አሳሽ ከዝርዝሩ ጠፋ። ነገሩን አስገራሚ የሚያደርገው ግን ሶፍትዌሩ በእርግጥ አለመጥፋቱ ነው። ስዊች በሆቴል ወይም በካፌ ዋይፋይ ሲገናኝ የመግቢያ ገጹን የሚያሳይ አሳሽ በውስጡ አለ፤ የኒንቴንዶ ሱቅ ራሱ በድር ቴክኖሎጂ የተገነባ ነው። የፕሌይስቴሽን 5 የተጠቃሚ መመሪያም የሚከፈተው እንደ ድረ ገጽ ነው። ሞተሩ በቤቱ ውስጥ እየሠራ መሪው ብቻ ተነቀለ። ቀድሞ በሩ ዋጋ ነበረው፤ አሁን ግንብ ሆነ፤ ለግንቡ ደግሞ የሚከፈል ዋጋ እንኳ የለም።

አምራቾቹ ለዚህ የሚያቀርቡት ወይም ሊያቀርቡት የሚችሉት ምክንያት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ደኅንነት ሲሆን፣ ይህ በቁም ነገር ሊታይ ይገባል። አሳሽ ከማያውቀው ቦታ የመጣ ትእዛዝ ተቀብሎ የሚፈጽም ሶፍትዌር ስለሆነ ለሰርጎ ገቦች የተመቸ ነው። በ«3ዲኤስ»፣ በ«ዊ ዩ» እና በ«ፕሌይስቴሽን 4» ላይ የአምራቹን ቁልፍ ለመስበር ከተጠቀሙባቸው መንገዶች ዋነኞቹ ዌብኪት በተባለው የአሳሽ ሞተር ውስጥ የተገኙ ቀዳዳዎች ነበሩ። ሆኖም ቀዳዳዎቹ ለረጅም ጊዜ ክፍት የቆዩት ሞተሩ በኮምፒውተርና በስልክ ላይ ሲታደስ በማጫወቻዎቹ ላይ ግን አሮጌው ቅጂ በመቅረቱ ነው። እንግዲህ የደኅንነቱ ክርክር ወደ እድሳት ግዴታ ይመልሰናል። ያልታደሰ አሳሽ አደገኛ መሆኑ እውነት ነው፤ መፍትሔው ማደስ ሆኖ ሳለ ማንሳት ተመረጠ።

ሁለተኛው ምክንያት በይፋ ብዙ አይነገርም። ማጫወቻ አምራቾች ማሽኑን በትንሽ ትርፍ፣ አንዳንድ ጊዜም በኪሳራ ይሸጣሉ፤ ለምሳሌ ሶኒ ፕሌይስቴሽን 3ን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይሸጥ የነበረው ከወጪው በታች ነው። ገቢያቸው የሚገኘው በሱቃቸው ከሚሸጠው እያንዳንዱ ጨዋታ በሚወስዱት፣ በተለምዶ 30 በመቶ በሆነው ድርሻ ነው። በሚገባ የሚሠራ አሳሽ ግን ፊልምም ጨዋታም ከሱቁ ውጭ ሊያስገባ ይችላል። ከአሳሹ አምስት ዶላር ማግኘት ለኩባንያው ምንም አይደለም፤ ከሱቁ ደንበኛ ማጣት ግን ብዙ ነው። ይህ ስሌት ከንግድ አንጻር የሚገባ ቢሆንም፣ ማሽኑን በገንዘቡ የገዛው ሰው የስሌቱ አካል አለመሆኑን መናገር ያስፈልጋል።

«ዛሬ ሁሉም ሰው ስልክ አለው፤ በቴሌቪዥን ላይ ድረ ገጽ ማን ይከፍታል?» የሚል መቃወሚያ እንደሚቀርብ አውቃለሁ። በከፊል ትክክል ነው፤ በጨዋታ መቆጣጠሪያ ፊደል በፊደል እየለቀሙ መጻፍ አድካሚ መሆኑን የሞከረው ሁሉ ያውቀዋል። ነገር ግን መቃወሚያው ሱቁ ራሱ የሚደርስበት አገር ውስጥ ያለ ሰውን ብቻ ያስባል። ኢትዮጵያ በፕሌይስቴሽን ኔትወርክ የአገሮች ዝርዝር ውስጥ የለችም። እዚህ ያለ ተጠቃሚ የሌላ አገር ነዋሪ መስሎ ካልተመዘገበ በስተቀር ከሱቁ ምንም መተግበሪያ አያወርድም፤ ቢመዘገብም በብር መክፈል አይችልም። ከውጭ አገር ዘመድ በላከው ፕሌይስቴሽን 3 ላይ የነበረው አሳሽ ግን ምዝገባም ሆነ የውጭ ካርድ አይጠይቅም ነበር፤ መስመር ካለ ይከፈታል። አሳሹ ሲነሣ ከሱቁ ክልል ውጭ ያለን ሰው የሚያጣው ከሌላው ይበልጣል።

በመሆኑም አምራቾች ሦስት ነገሮችን እንዲቀበሉ መጠየቅ ከልክ ያለፈ አይመስለኝም። አሳሽ በማሽኑ ዋጋ ውስጥ ይካተት ወይም በግልጽ ዋጋ ለብቻው ይሸጥ እንጂ ከሌላ አገልግሎት ደንበኝነት ጋር አይታሰር። ሲሸጥም ሆነ ሲሰጥ እስከ ስንት ዓመት እንደሚታደስ በካርቶኑ ላይ ይጻፍ፤ የምግብ ዕቃ የመጠቀሚያ ጊዜው እንደሚጻፍበት ሁሉ። እድሳቱ ሲያበቃ ደግሞ አደጋውን ለሚቀበል ባለቤት በራሱ ምርጫ ሌላ አሳሽ የሚጭንበት መንገድ ይተውለት። የመጨረሻው ለአምራቾች ከሁሉ የሚከብደው እንደሆነ እገምታለሁ፤ የሸማቾች መብት ተቆጣጣሪዎችም እስካሁን አጥብቀው አልያዙትም።

ይህ ሁሉ አይቻልም ለሚል ሰው የማይክሮሶፍት የቅርብ ዓመታት ተግባር መልስ ይሆናል። አሳሹን ከዓመታዊ ክፍያ ጋር ያሰረው ይኸው ኩባንያ በ2021 «ኤጅ» የተባለውን አዲስ አሳሹን በኤክስቦክስ ማጫወቻዎቹ ላይ ያለ ደንበኝነት ክፍያ አቀረበ፤ በኪቦርድና በማውስም እንዲሠራ አደረገ። ጥቂት ሳይቆይ ተጠቃሚዎች የተፎካካሪዎቹን የጉግልንና የኤንቪዲያን የጨዋታ ማስተላለፊያ አገልግሎቶች በዚያው አሳሽ ከፍተው፣ በኤክስቦክስ ሱቅ የማይሸጡ ጨዋታዎችን በኤክስቦክስ ላይ ተጫወቱ። የኤክስቦክስ ሱቅ በዚህ ምክንያት አልተዘጋም።